ከባጃጅ የወደቀች አልቶ ሳክስ ማን ይንካት?

ሰላም እህትዓለም፣ እንኳን አንቺን ምንም አላገኘሽ። ጥያቄሽን ባጭሩ ልድገመውና ልመልስልሽ፤ ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ስትመጪ አልቶ ሳክስሽ (ሳክስፎንሽ) ከባጃጅ ላይ ወደቀች፣ ለስላሳ ቦርሳ ውስጥ ነበረች፣ አሁን ቤሏ (ድምፅ የሚወጣበት ሰፊው አፏ) ወደ ጎን ዘንበል ብሏል፣ ከላይ እስከ ጂ ኖታ ድረስ ደህና ትነፋለች፣ ከኤፍ ጀምሮ ወደታች ግን ወይ ጭራሽ አልወጣም ትላለች ወይ ወደላይኛው ኦክታቭ፣ ማለትም ወደዛው ኖታ ቀጭን ድምፅ፣ ዘላ ትጮሃለች። ሰፈርሽ ያለ ራዲያተር በያጅ "አምጪያት በአንድ ቀን ቀጥቅጬ አስተካክልልሻለሁ" ብሎሻል፣ የጥር ሰርግ ደግሞ ደርሷል። ለሱ ልስጣት፣ አዲስ አበባ ልላካት ወይስ ትቻት ሌላ ልግዛ ነው ያልሽው።

እኔ ስራዬ የትንፋሽ መሳሪያ ጥገና ነው፣ አሁን የምሰራው አዲስ አበባ ቢሆንም ያደግኩት ጎንደር ስለሆነ የምትይውን መንገድም ኮብልስቶኑንም አውቀዋለሁ። በመጀመሪያ ለሰውየው አትስጫት። ሁለተኛ ከዛሬ ጀምሮ አስጨንቀሽ አትንፊያት፣ ያልተከደነውን ቁልፍም በጣትሽ ጎንበስ ቀና አታድርጊው፣ ምክንያቱም ጠማማ ቁልፍ አንዴ በትክክል ሲመለስ ይመለሳል፣ አስር ጊዜ ወዲያ ወዲህ ሲባል ግን ክንዱ ይደክምና ይሰበራል።

ሰውየውን የከለከልኩሽ ንቄው አይደለም፣ ራዲያተር መበየድ ቀላል ሙያ አይደለም። ግን ሳክስ ሌላ ነገር ናት። ምናልባት "ትራምፔት ሰርቼ አውቃለሁ" ብሎሽ ይሆናል፣ እውነቱንም ሊሆን ይችላል፣ ትራምፔት ቤሉ ቢሰረጎድ መልኩ ይበላሻል እንጂ ይነፋል። ሳክስ ከናስ ስለተሰራች ከትራምፔት ጋር የምትመደብ ይመስላል እንጂ አዶልፍ ሳክስ የሚባለው ቤልጂየማዊ በ1846 እ.ኤ.አ ፓሪስ ላይ ፓተንቷን ካወጣባት ጊዜ ጀምሮ በሪድ (አፍ የሚያርፍበት ማውዝፒሷ ላይ በሚታሰር ስስ ሸምበቆ) የምትነፋ፣ ጎኗ ላይ በተደረደሩ ቀዳዳዎችና ክዳኖች የምትሰራ፣ የነክላርኔት ዘመድ ናት። አንድ አልቶ ላይ 25 አካባቢ ክዳን አለ፣ እያንዳንዱ ክዳን ውስጥ ቆዳ የለበሰ ፓድ አለ፣ ከነዚህ አንዱ የፀጉር ስንጥቅ ታህል ከፍ ካለ ከሱ በታች ያለው ድምፅ በሙሉ ይታመማል። ስለዚህ ያንቺ ችግር ስርጉዱ ሳይሆን ክዳኖቹ ከቀዳዳቸው ጋር አለመገናኘታቸው ነው፣ መዶሻ ደግሞ እሱን አይመልስም፣ እንዲያውም ናስ ሲቀጠቀጥ ይለጠጣል፣ የተለጠጠው ቦታ ተመልሶ አይገባምና እዛው ያብጣል። የሳክስ ገላ ውፍረቱ አንድ ሚሊሜትር እንኳን አይሞላም እኮ።

እሳቱ ደግሞ ከመዶሻው ይብሳል። ፓዶቹ ክዳናቸው ውስጥ የተያዙት በሙቀት በሚቀልጥ ማጣበቂያ ነው፣ ቁልፎቹን የተሸከሙት ትንንሽ ምሰሶዎች ገላው ላይ የተያዙት በለስላሳ ብየዳ ነው፣ እርሳስና ቆርቆሮ የተቀላቀለበት ብየዳ ደግሞ 200 ዲግሪ ሳይሞላ ይቀልጣል፣ ቁልፎቹን መልሰው የሚያነሱት መርፌ የሚመስሉት ሞላዎች በሙቀት ተጠንክረው የተሰሩ ብረቶች ስለሆኑ የራዲያተር እሳት ሲያገኛቸው ይለሰልሱና ጉልበት ያጣሉ። አንዱን ምሰሶ ልበይድ ሲል ጎረቤቱ ይነቀላል፣ ቡሹ ይቃጠላል፣ ላከሩ (የናሱ መከላከያ ቅብ) ይጠቁራል። እንደዚህ ሆነው የመጡልኝ ሳክሶች ነበሩ፣ ከመውደቋ ይልቅ የበየዳት እሳት ነው ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣው።

አሁን ወደ ችግሩ ልግባ። ሳክስ ላይ ከላይ ወደታች ስትወርጂ በየኖታው ቢያንስ አንድ ተጨማሪ ክዳን ነው የምትዘጊው። ጂ ላይ ደህና ሆና ኤፍ ላይ ከተበላሸች በዛች አንድ እርምጃ የዘጋሽው ነገር ነው ያልተዘጋው ማለት ነው። ወደላይ ዘላ የምትጮኸውም ለዚሁ ነው፣ መሃል ላይ አየር የሚያሾልክ ቦታ ሲኖር ልክ የኦክታቭ ቁልፉን የተጫንሽ ያህል ይሆንባታል። ብዙ ልጆች ትንፋሼ አነሰ ብለው ሪድ ይቀይራሉ፣ ጉንጫቸውን ነፍተው ይታገላሉ፣ ትንፋሽሽ ምንም አልሆነም፣ የሚያሾልክ ሳክስ የማንንም ትንፋሽ ይበላል።

ይህችን ሞክሪ። በቀኝ እጅሽ ከምትጫኛቸው ሶስት ቁልፎች ትንሽ ከፍ ብሎ ጣት የማያርፍበት አንድ ክዳን አለ፣ ኤፍ ወይ ኢ ወይ ዲ ስትጫኚ አብሮ የሚወርደው፣ የኤፍ ሻርፕ ክዳን ነው። ከሱ ላይ አጠር ያለ ክንድ ወደላይ ወጥቶ የጂ ሻርፑን ክዳንና ከሱ በላይ ያለውን ትንሿን የቢ ፍላት ክዳን ረግጦ ይይዛል፣ ጫፉ ላይ ትንንሽ ብሎኖች ታያለሽ። አንቺ ኤፍ ይዘሽ ስትነፊ ሌላ ሰው ያንን የኤፍ ሻርፕ ክዳን በአንድ ጣት ቀስ አድርጎ ይጫንልሽ። ድምፁ ወዲያው ከመጣ ፓዱ አልተበላሸም፣ ወድቃ ክንዱ ወይ ዘንጉ ስለተጣመመ ክዳኑን አላወርድ ብሎት ነው። ሲጫንም ካልመጣ የኤፉን የራሱን ክዳን ጫኑት፣ ከዛ የጂ ሻርፑን። የትኛው ሲጫን እንደመጣ ጻፊው፣ ለሚጠግንልሽ ሰው ይሄ መረጃ ወርቅ ነው። ብሎኖቹን ግን አትንኪያቸው፣ ካቻቢቴ ይዘሽ ብታዞሪያቸው ምናልባት ኤፏ ትመለስ ይሆናል፣ ጠማማው ዘንግ ግን እንደጠመመ ነው፣ አንዱን አስተካክለሽ ሌላውን ታስከፍቺዋለሽ።

ሌላው መብራት ነው። ስልክ መለዋወጫ የሚሸጡ ሱቆች ጋ በፓወር ባንክ የሚሰራ ጠፍጣፋ የኤልኢዲ ሪባን አለ፣ እሱን ግዢና ማታ መብራት አጥፍተሽ፣ አንገቷን (ላይ ያለችውን ጎባጣ ቱቦ) እና ማውዝፒሷን አውልቀሽ፣ ሪባኑን ከላይ ወደ ውስጥ ቀስ አድርገሽ አውርጂው። ከዛ ቁልፎቹን ተራ በተራ ስትጫኚ ፓዱና ቀዳዳው መሃል ብርሃን ከታየሽ እዛ ጋ ያሾልካል። አደራ ስትጫኚ በጣም ቀስ ብለሽ ነው፣ ላባ በሚይዝ ጣት፣ ምክንያቱም ጠበቅ አድርገሽ ከያዝሽው ቆዳው ይጨመቅና ብርሃኑ ይጠፋል፣ አንቺም ደህና ነው ብለሽ ታልፊያለሽ። ብርሃኑ ዙሪያውን በሙሉ ከታየ ክዳኑ ከነጭራሹ አልደረሰም፣ በአንድ ጎን ብቻ ከታየ ደግሞ ክዳኑ ወይ ዘንጉ ወደዛ ጎን ተጣሟል። መብራት ከሌለ የሲጋራ ፓኮ ላይ ያለውን ስስ ላስቲክ ቀጭን አድርገሽ ቆርጠሽ ፓዱ ስር በአራቱም ጎን እያስገባሽ ክዳኑን ቀስ አድርገሽ ዝጊና ሳቢው፣ የያዘበትና የለቀቀበት ጎን በእጅሽ ይሰማሻል።

የአንገቷን ነገር ብዙ ሰው ይረሳዋል። ማውዝፒሱን አውልቂና ወደ ገላው የሚገባውን ጫፍ በመዳፍሽ ግጥም አድርገሽ ዝጊ፣ የኦክታቭ ቀዳዳውን ክዳን በጣት ያዢ፣ ከዛ በሌላው ጫፍ አየሩን በአፍሽ ሳቢው። አየሩ ሲሳብ ምላስሽ ላይ ይዞ መቆየት አለበት፣ ከለቀቀ አንገቷም ተነክታለች። ከላይ አንገቷ ካሾለከች ታች ያለውን ምንም ያህል ብታሰሪው ዋጋ የለውም።

እና ገላዋን እዪ። አናፂ ጣውላ ቀና ይሁን ጠማማ ለማየት በአንድ አይኑ በርዝመቱ እንደሚያየው አድርገሽ ዋናውን ቱቦ ከላይኛው ጫፍ ወደታች ተመልከቺ። ወደ አንድ ጎን ከጎበጠ ረጃጅሞቹ ዘንጎች ምሰሶዎቻቸው መሃል ተጣብቀው ነው ያሉት፣ ለዛ ነው ቁልፎቹ ሲለቀቁ ቀስ ብለው የሚነሱት። አንቺ ቤሏ ዘንበል አለ ያልሽው ደግሞ ብቻውን አይደለም፣ ቤሉን ከገላው ጋር የሚያይዘው ድጋፍ ሲመታ ገላውን ወደ ውስጥ ይገፋዋል፣ የታችኛው ቢና ቢ ፍላት ክዳኖች ዘንጋቸው ገላው ላይ፣ ቀዳዳቸው ቤሉ ላይ ስለሆነ ቤሉ ሲዞር ክዳኑ ከቀዳዳው መሃል ወጥቶ ጠርዙ ላይ ይቀመጣል። ስለዚህ ኤፉ ቢስተካከል እንኳን ታችኞቹ አይመጡልሽም።

እዚህ ላይ ነው ባለሙያ የሚለየው። ቅደም ተከተሉን የሚያውቅ ሰው መጀመሪያ ቁልፎቹን በሙሉ ያወርዳል፣ ባዶ ገላውን ያቃናል፣ ቤሉን ወደ መስመሩ ይመልሳል፣ ስርጉዱን ከውስጥ በልኩ በተሰራ የብረት ኳስ እያንከባለለ ያወጣዋል እንጂ ከውጭ አይመታውም። ከዛ የቀዳዳዎቹን ከንፈር ጠፍጣፋ ነገር አስቀምጦ በመብራት ያያል፣ ሞላላ ከሆነ ይመልሰዋል፣ ሞረድ የሚያነሳው መጨረሻ ላይ፣ በጣም በትንሹ፣ ሌላ መንገድ ሲያጣ ነው፣ ምክንያቱም በሞረድ የሄደ ናስ አይመለስም። ከዛ ዘንጎች፣ ከዛ ክዳኖች፣ ፓድ ከሁሉም በኋላ ነው። ገላውን ሳያቃና "ፓዱን ልቀይርልሽ" የሚል ሰው ካገኘሽ አዲስ ፓድ ጠማማ ቤት ላይ እያስቀመጠልሽ ነው፣ በወሩ ተመልሰሽ ትሄጃለሽ።

ፓድ ሲቀመጥ የማየት እድል ካገኘሽ አጠገቡ ቁጭ ብለሽ እዪው። ክዳኑ ውስጥ ሼላክ የሚባለው ማጣበቂያ ይቀልጣል፣ ሽታውን ካወቅሽው አትረሺውም፣ ፓዱ ይገባል፣ ክዳኑ ወደ ቦታው ተመልሶ በትንሽ እሳት ከጀርባው ይሞቃል፣ ማጣበቂያው ሲለሰልስ ፓዱ ተንሳፎ ይንቀሳቀሳል፣ ያኔ ሰውየው በስስ ጠፍጣፋ መሳሪያ ከፍ ያለውን ጎን ዝቅ፣ ዝቅ ያለውን ከፍ እያደረገ መብራቱን ያያል፣ ይሞቃል፣ ይቀዘቅዛል፣ እንደገና ይሞቃል። ለአንድ ክዳን ይሄን ያህል ጊዜ የሚሰጥ ሰው ነው የምትፈልጊው፣ "በአንድ ቀን" የሚለው ቃል ለዚህ ነው ያስፈራኝ።

ሰው ስታፈላልጊ አዲስ አበባ ያሉ ሳክስ ነፊዎችን ጠይቂ፣ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የትንፋሽ መሳሪያ የሚማሩ ልጆችን፣ የፖሊስና የመከላከያ ባንድ ውስጥ የሚነፉትን፣ ሆቴል የሚሰሩትን። "ጥሩ ጠጋኝ ማነው" ብለሽ ሳይሆን "ያንተን ማን ነው የሰራልህ፣ ከሰራልህ በኋላ ስንት ጊዜ ቆየችልህ" በይ። ሰውየውን ስታገኚው ደግሞ ምን እንደሚያደርግ እዪ፣ መሳሪያ ከማንሳቱ በፊት መብራት አስገብቶ ያያታል? ራሱ ነፍቶ ይሰማታል? የትኛውን ፓድ እንደሚቀይርና የትኛውን እንደሚተወው ይነግርሻል? ደህና ፓድ ካለሽ መቅረት አለበት፣ ሙሉውን ልቀይር የሚል ሁሉ ምክንያቱን ይንገርሽ። በምን ነው የምታጣብቀው በይው፣ ሼላክ ወይም ሆት ግሉ ካለሽ ጥሩ፣ ሱፐር ግሉ ወይም ሲሊኮን ካለሽ አመስግነሽ ሳክስሽን ይዘሽ ውጪ፣ በሱፐር ግሉ የተጣበቀ ፓድ ማስተካከያ የለውም፣ ለሚቀጥለው ጠጋኝም መከራ ነው።

ከጃኬት ቆዳ ተቆርጦ የተሰራ ፓድም አትቀበይ። ጎንደር የቆዳ ሰሪ አገር ነው፣ ቆዳው ምንም አይወጣለትም፣ ግን ፓድ ቆዳ ብቻ አይደለም፣ ካርቶን አለ፣ በላዩ የተጠቀጠቀ ሱፍ አለ፣ ከዛ ነው ስስ ቆዳው የሚለብሰው፣ መጠኑም በግማሽ ሚሊሜትር እየተለያየ ነው የሚመጣው። ውፍረቱ አንድ ጎን ትንሽ ከበዛ በመብራቱ ያየሽው ነገር ተመልሶ ይመጣል።

ጎንደር ውስጥ ልታሰሪው የምትችይው አንድ ነገር አለ። አንዱ የቁልፍ ክንድ ወይም የክዳን መከላከያ እግር ለሁለት ተሰብሮ ከሆነ ጥሩ ወርቅ ሰሪ በብር ብየዳ አሳምሮ ይይዘዋል፣ እነሱ ትንሽ እሳት መቆጣጠር ያውቃሉ። ግን ቁልፉ ከሳክሱ ወርዶ፣ ፓዱ ወጥቶ፣ ሞላው ተነቅሎ፣ ብቻውን ባዶ ብረት ሆኖ መሄድ አለበት፣ ሳክሷ ራሷ ከእሳቱ አጠገብ አትድረስ። ያንቺ ግን ከገለፅሽው የተሰበረ ነገር ያላት አይመስለኝም፣ የተጣመመ ነው፣ ስለዚህ ይሄ የሚያስፈልግሽ አይመስለኝም።

አዲስ ልግዛ ወይ ላልሽው ቤሏ ላይ ወይ ከአውራ ጣት ማረፊያው አካባቢ የተጻፈውን ስምና ቁጥር እዪ። ያማሃ ከሆነች፣ 23ም ትሁን 275ም 280ም፣ ወይም ሰልመር፣ ቡፌ፣ ጁፒተር ከሆነች ያለ ጥርጥር አሰሪያት፣ ብረታቸው ተጣምሞ ሲቃና ይቆማል፣ መለዋወጫም ይገኛል። ስም የሌላት ወይም ቁልፏ በእጅ ስትጫኚው የሚልምጥ ርካሽ ሳክስ ከሆነች ግን ጠጋኙ መጀመሪያ ዋጋውን ይንገርሽና ከሳክሷ ዋጋ ግማሽ ካለፈ ብታስቢበት ይሻላል፣ ቁልፎቿ ለስላሳ ስለሆኑ ዛሬ የተስተካከለው ከጥቂት ወር በኋላ ይላላል። ይሄን ስል ልቤ እያዘነ ነው፣ ብዙ ልጅ በመጀመሪያ ሳክሱ ነው ፍቅር የሚይዘው፣ ግን ገንዘብሽ የሚጠፋበትን ነገር ደብቄሽ ጥሩ አልሰራሁም።

አዲስ አበባ የምትልኪያት ከሆነ መንገዱ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ይሄን ሁሉ መንገድ ደግሞ በለስላሳ ቦርሳ አትልኪያት፣ ጠንካራ ኬዝ ተዋሺ። አንገቷንና ማውዝፒሷን ለየብቻ በጨርቅ ጠቅልይ፣ ላይኛው ጫፍ ላይ የሚገባውን መክደኛ ፈልገሽ አስገቢ፣ ብዙ ሰው የሚጥለው ፕላስቲክ ነው፣ ስራው ግን የኦክታቩን ቀጭን ዘንግ ከመመታት ማዳን ነው። ቤሉ ውስጥ ለስላሳ ጨርቅ ሙይ፣ ክፍት የሚቆሙት ክዳኖች እንዳይንቀሳቀሱ በጥጥ ጨርቅ ጥብጣብ ላላ አድርገሽ እሰሪያቸው፣ የሚለጠጥ ላስቲክ አታድርጊ ላከሩን ያበላሸዋል። በአውቶቡስ ከሆነ ጣሪያ ላይ አትውጣ፣ ከታች ሻንጣ ቤትም አትግባ፣ የሚታመን ሰው ጭኑ ላይ ይዟት ይሂድ። በአውሮፕላን ከሆነ አብራሽ ከላይ ትገባ እንደሆነ ቲኬት ስትቆርጪ ጠይቂ።

ለጥር ሰርጉ አትደርስም ብለሽ ተዘጋጂ፣ በዚህ ሰሞን ጠጋኞች ስራ ይበዛባቸዋል፣ እንዲህ የተጣመመች ሳክስ ደግሞ ተቻኩለው የሚሰሯት አይደለችም። የባንድ ጓደኞችሽን ለጊዜው አንድ አልቶ ወይም ቴነር (ከአልቶ ተለቅ ያለ ሳክስ) አፈላልጉልኝ በያቸው። እየሾለከች ሰርግ ላይ ይዘሻት ብትወጪ አንድ ሁለት ዘፈን ታግለሽ ትነፊ ይሆናል፣ ግን እኛ አገር ሳክስ የተወደደው እኮ ስለሚያንጎራጉር ነው፣ በ2008 ዓ.ም ያረፈው ጌታቸው መኩሪያ ሽለላን በቴነር ሲነፋው ሰው ቁጭ ብሎ መስማት ያቃተው ማሲንቆና ድምፅ የሚሰሩትን ያን መንቀጥቀጥና ማንሳት መጣሉን ሳክስ ላይ ስላመጣው ነው። እንደዛ ቀስ ብሎ መተንፈስና ከታች ማንጎራጎር የሚቻለው ሁሉም ክዳን ገጥሞ ሲዘጋ ብቻ ነው፣ የምታሾልክ ሳክስ መጮህ ብቻ ነው የምታውቀው፣ አንቺም ከሷ ጋር ስትታገይ ከንፈርሽ መጥፎ ልምድ ይይዛል።

ተሰርታ ስትመለስ ደግሞ ሰርግ ቤት ጠጅ ወይም ለስላሳ ጠጥተሽ ወዲያው አትንፊያት፣ ስኳሩ ከትንፋሽሽ ጋር ገብቶ ፓዱ ላይ ይደርቅና ጂ ሻርፑ ተጣብቆ አልነሳ ይላል። በውሃ አፍሽን ተጉመጥመጪ፣ ነፍተሽ ስትጨርሺም ውስጧን ጨርቅ እየሳብሽ አድርቂያት።

አሁን ሶስት ፎቶ አንሺና ላኪልኝ፤ አንዱ ቤሏን ከፊት ለፊት፣ አንዱ ዋናውን ቱቦ በርዝመቱ፣ አንዱ የጂ ሻርፕና የኤፍ ሻርፕ ክዳኖች ያሉበትን ከቅርብ። ስሟንና ቁጥሯን፣ የትኛው ክዳን ሲጫን ኤፉ እንደመጣም ጻፊልኝ፣ እሱን ካየሁ በኋላ ገላዋ መቃናት ያስፈልገው እንደሆነና በግምት ምን ያህል ስራ እንዳለው እነግርሻለሁ።